ምጥን ሽሮ የተባለው የሮክ ባንድ

ቤታችሁ ውስጥ ድራም የሚመታ ልጅ ከሌለ ይህን እግራችሁን ዘርግታችሁ አንብቡት። ካለ ግን ቆማችሁ እንደምታነቡት አውቃለሁ፤ መቀመጥ የሚባለውን ነገር ከተዋችሁት ቆይቷል። እኔም የምጽፈው ቆሜ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ብዕሩን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሚዛን እይዛለሁ፤ ደንበኛው ሲወጣ ብዕሩን አውርጄ ወሬዬን እቀጥላለሁ። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ካስነጠሳችሁ ከበርበሬው ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ሰው ሁሉ ወገቡ ላይ የስልክ መጥሪያ ቢፐር ታጥቆ፣ ቢፐሩ በጮኸ ቁጥር እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም የሚሮጥበት ዘመን። ያኔ ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ‹ትንሽ› የምለው ለታክስ ሰዎች ነው እንጂ ውስጧ የሌለ ነገር አልነበረም፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ የስልክ ካርድ፣ የሠርግ ካሴት፣ ሻንጣ፣ የሻንጣውን ጥራት ስለማውቅም ከአጠገቡ ማሰሪያ ገመድ።

ሜሮን የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። እናቷ ፋርማሲስት ትሁንልኝ ብላ ተስላ ነበር፤ ስለቱም የሰመረ መስሎ ኮሌጅ ገባች። ግን የዚህች ልጅ እጅ አያርፍም። ስታጠና እርሳሱ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ሱቅ ስታግዘኝ የበርበሬ ጣሳው፣ የሚዛኑ ሳህን፣ የሻንጣው ሆድ ሁሉ ተራ በተራ ይገረፋል። አንዴማ ቅዳሴ ላይ ከፊቷ የቆሙትን ሴትዮ ትከሻ በሁለት ጣት ስትመታ ያዝኳት። ሴትዮዋ ዞር ብለው «ተዋት፣ ትከሻዬን አፍታታችልኝ» ባይሉ ኖሮ መሬት በዋጠኝ ነበር።

ታዲያ ይህች ልጅ ባንድ አቋቋመች። የሠርግ ባንድ ቢሆን አንጀቴ ቅቤ በጠጣ፤ የሷ ግን ሮክ ነው። ሮክነቱም አልበቃ ብሎት ‹ኢንዲፔንደንት› ነው።

«ምን ማለት ነው እሱ?» አልኳት።

«ቦስ የለንም ማለት ነው፣ ዳድ። ካሴቱን ራሳችን እንቀዳለን፣ ከቨሩን ራሳችን እንለጥፋለን፣ ራሳችን እንሸጣለን።»

«ለማን?»

«ለፒፕል።»

«ያዋጣችኋል?»

«ኢትስ ናት አባውት ዛት!»

ሸቀጥ አምርቶ ‹ነገሩ ስለ ትርፍ አይደለም› የሚል ሰው መርካቶ ቢገኝ ዘመድ ተጠርቶ ጠበል ይወሰዳል። እኔ ግን አሜሪካ ስለነበርኩ ዝም አልኩ።

ባንዱ ሦስት ነው። ከበሮው የኔዋ ናት። ጊታሩና ዘፈኑ የቢኒያም ነው፤ ከዲሲ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ከእናቱ ጋር የሚኖር ቀልጣፋ ልጅ። ሲያወራ ድምፁ ማር ነው፤ ሲዘፍን ግን ጣቱ በር የተዘጋበት ይመስላል። ወፍራሟን ጊታር፣ ቤዟን፣ የሚመታው ኬቨን የሚባል ረጅም ፈረንጅ ነው። ኬቨን ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። አይጠጣም፣ አያጨስም፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል በዞሩበት አይዞርም። እኔ ቤት የመጣ ቀን ጎመኑንና ምስሩን ብቻ እየለየ ሲያነሣ ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ወሬው ሱቄ ውስጥ ሲጫወቱ የሚውሉ ሁለት ወዳጆቼ ዘንድ ደረሰ። አንደኛው ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ዱሮ ዳኛ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ። ከችሎት ወንበር ወደ ፓርኪንግ ዳስ ቢወርዱም ፍርድ መስጠት አልተዉም፤ መኪና አጣሞ ያቆመ ሰው ግሣጼውን ሳይሰማ አይወጣም። ሁለተኛው ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው፤ ዲሲን በታክሲ እንደ ውዳሴ ማርያም የደገሙ።

«አየህ ፈረንጁን!» አሉ ጋሽ ተፈራ። «የኛ ልጆች ሐምበርገር ሲያሳድዱ እሱ ጾሙን ይዞልሃል።»

«ድሮም ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር አለ» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። «የባሕታዊ ዓይን ነው።»

ዓይኑ ውስጥ የነበረው እንቅልፍ ነው። ቀን ቀን መጻሕፍት መሸጫ ይሠራል፣ ማታ ቤዝ ይመታል። እኔም አላረምኳቸው። ሱቅህ ውስጥ ባሕታዊ አለ ከተባለ ደንበኛ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

ወደ ሱቄ የመጡት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚለማመዱት እኛ አፓርታማ ነበር። የላይኛው ጎረቤት በመጥረጊያ ወለሉን መታ፣ የታችኛው በመጥረጊያ ጣሪያውን መታ፤ ሜሮን ሁለቱንም ዜማው ውስጥ አስገባቻቸው። ሕንጻውን የሚያስተዳድረው ሰውዬ መጥቶ ወይ ድራሙ ይውጣ ወይ እናንተ ውጡ አለን። ከሱቄ ሥር ጆንያ የማከማችበት ቤዝመንት አለ። ሰጠኋቸው። ልጅ የት እንዳለች ማወቅ የማይከፈልበት ኢንሹራንስ ነው ብዬ ነው።

የሽሮውንና የበርበሬውን ጆንያ እስከ ጣሪያ ደረደሩት፤ ጆንያ ድምፅ ይበላል አሉ። የባንዱንም ስም ከጆንያው ላይ አነበቡ፦ ‹ምጥን ሽሮ›። ፈረንጆቹ ‹ሚቲን ሺሮ› እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ትርጉሙን ሲጠይቁ ቢኒያም «ዲፕ ነው፣ አይተረጎምም» ይላቸዋል።

ጆንያው ድምፁን በላ፣ ንዝረቱን ግን ተፋው። እላይ እኔ ሚዛን ስይዝ የሚዛኑ መርፌ እስክስታ ይወርዳል። ኬቨን ቤዟን ሲነካት አንድ ፓውንድ ሚጥሚጣ አንድ ተኩል ይሆናል። ሕሊናዬ ወቀሰኝና የምመዝነው ዘፈኑ ሲያቆም ብቻ ነው አልኩ። ዘፈኑ አያቆምም፤ ሰልፉ በር ላይ ደረሰ። ሰልፍ ያየ አላፊ አግዳሚ ደግሞ ምን መጥቶ ነው እያለ ገባ። ነጋዴ ሳያስበው የሚያተርፈው እንዲህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤዝመንት ውስጥ የመጀመሪያውን ኮንሰርት አደረጉ። የመጡትን ልጆች ብታዩ ታዝናላችሁ። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ጃኬታቸው በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል፣ የአንዱማ ጫማ በፕላስተር ታስሯል። አንጀቴ አልችል ብሎ የራሴን ካፖርት ለአንዱ ላለብሰው ስል ሜሮን ደርሳ እጄን ያዘችኝ።

«ዳድ! አባቱ ሎየር ነው!»

«ታዲያ አባቱ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ሙቀቱ እንዳይጎዳቸው ብዬ የሱቁን ትልቅ ማራገቢያ ወስጄ ከፊታቸው አቆምኩላቸው። ይህን ደግነቴን ያዙልኝ፤ የጥፋቱ ሁሉ ምንጭ እሱ ነው። በዚያው ሰሞን የመጣ በርበሬ ነበረኝ፣ የተደለዘና የተፈጨ፣ ዓይን የሚያየው የማይመስል ልዝብ፤ ጆንያውን የጫንኩት ከሽሮው ሁሉ በላይ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሜሮን ከበሮውን እንደ ጠላት ስትወርድበት ጆንያው ዳር ዳር ሲል አየሁት። «ቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። እነሱ ግን ዘፈናቸው ራሱ ጩኸት ነው፤ የኔን ማን ለየው? ልጆቹ እንዲያውም አብረውኝ ጮኹ። ጆንያው ተምዘግዝጎ ማራገቢያው ፊት ተዘረገፈ።

ቀይ ደመና አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አላየሁም። ያ ሁሉ ጎረምሳ ያስነጥሳል፣ ያስላል፣ እየተቃቀፈ ያለቅሳል። ቢኒያም በሕይወቱ የጮኸውን ጩኸት ሁሉ የሚያስንቅ ጩኸት ጮኸ፤ ያኛው እውነተኛ ነበር። ኬቨን ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ። ልጄ እንባዋ እስከ አገጯ እየወረደ አንዲት ምት አልሳተችም። ወደ ደረጃው የሮጠ አንድም ልጅ የለም፤ ነገሩ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸዋል። ሲያልቅ ጭብጨባው የጣሪያውን አምፖል አወዛወዘው።

ፎቶ ኮፒ አድርገው የሚያድሏት የወጣቶች ጋዜጣ ቢጤ ነበረችላቸው። እዚያ ላይ ‹የምጥን ሽሮን ሙዚቃ ሰምቶ ያላለቀሰ አላየንም› ተብሎ ተጻፈ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ከኮሎምቢያ ሃይትስ አርሊንግተን ተዛመተ። ቤዝመንቱ ውስጥ የቀረው በርበሬ ሥራውን አልተወምና ሰው መሐረብ ይዞ መምጣት ጀመረ። ያልያዘ እንዳይቸገር እኔም በር ላይ መሐረብ ሸጥኩ።

ዝና እንደ በግ ጠቦት ነው፤ ሲመጣ ያምራል፣ ወዲያው ግን ቀበሮ ይከተለዋል። ከኒውዮርክ የአንድ ትልቅ ካሴት አሳታሚ ኩባንያ ሰው መጣ፤ ኮቱም ጫማውም መነጽሩም ጥቁር። ቤዝመንቴ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሰማቸው። እናሳድጋችኋለን፣ አገር ላገር እናዞራችኋለን፣ ያቺ የምታስለቅሰው ነገር ግን ውሉ ውስጥ ትግባ አላቸው። ሲነሣ ቂጡ ላይ ‹ምጥን ሽሮ› የሚለው ቃል በሽሮ ዱቄት ታትሞበት ነበር። የመጀመሪያው ማስታወቂያችን ኒውዮርክ የገባው እንዲያ ነው።

ሰውዬው እንደወጣ ጠቡ ተነሣ። ቢኒያም እንፈርም አለ። ሜሮን አልፈርምም አለች።

«ሌላ ሰው መሃል ከገባ ባንዱ የኛ አይደለም!»

«ቤዝመንት ውስጥ እንሙት ነው የምትይው?»

«የአባቴ ቤዝመንት ምን ሆነ?»

«በርበሬ በርበሬ ይሸታል!»

እዚህ ላይ እኔም ተቀየምኩ። ቢኒያም ጊታሩን ሸክፎ ወጣ። ሜሮን ድራሙን ጨርቅ አለበሰችው። ኬቨን ወደ አንዷም ወደ አንዱም አየ፣ የተረፈውን ምስር በዕቃ ቋጠረና እሱም ሄደ።

ልዋሽ? ደስ አለኝ። ባለቤቴ ያን ዕለት የፋርማሲ ትምህርት ቤቱን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ ፍሪጅ ላይ ለጠፈች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሬ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ተነሣሁ። እንደገና ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ጎደለ።

ሜሮን ሱቅ መጥታ መሥራት ጀመረች። በሰዓቷ ትመጣለች፣ ዕቃ ትደረድራለች፣ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ትቆማለች። አንድ ነገር ስላት «እሺ አባዬ» ትለኛለች፤ በአማርኛ! ያቺ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ «ዋይ?» ሳትል አንድ ሥራ ያልሠራች ልጅ «እሺ አባዬ» ካለች ሐኪም መጠራት አለበት። ጣሳ ከፊቷ አኖርኩላት፤ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። እኔው እርሳስ አንሥቼ የጣሳ ክዳን ቀጠቀጥኩ፤ ያውም አጣምሜ። «ዳድ፣ ቢቱን ሳትከው» ብትለኝ ምን ነበረበት? ቀና ብላም አላየችኝ። የሚዛኑ መርፌ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ደንበኛው ቶሎ ገዝቶ ቶሎ ወጣ። እኔ ግን ከባንኮኒ ወደ በር፣ ከበር ወደ ቤዝመንት፣ ከቤዝመንት ወደ ባንኮኒ፤ ጫማዬ አለቀ። ባለቤቴም ሳትናገር የፍሪጁን ወረቀት አንሥታ መሳቢያው ውስጥ መለሰችው።

ይባስ ብሎ ስልክ ተደወለ። ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪት አጠገብ ያለ የሙዚቃ አዳራሽ ባለቤት ነው፤ በሚቀጥለው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት እንዲጫወቱ ቀድሞ አነጋግሯቸዋል። ትልቅ መድረክ ነው፤ እዚያ የተጫወተ ከዚያ በኋላ ስሙ ይጠራል። «ይመጣሉ አይመጡም?» አለኝ። ልጄን በመስታወት አየኋት። ሽሮ እየመጠነች ነበር፣ በጸጥታ።

«ይመጣሉ» አልኩት። ነጋዴ የሌለውን ዕቃ ‹አለ› ብሎ ሊፈልገው ይሮጣል፤ ሙያችን ነው።

ከዚያ አሰብኩ። ባልና ሚስት ሲጣላ ሽማግሌ አለው፣ ሸሪክ ሲጣላ ሽማግሌ አለው፣ ማኅበርተኛ ሲጣላ ሽማግሌ አለው። ባንድ ከማን ያንሳል?

«ጉዳዩ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ኮታቸውን እየቆለፉ። «የጋብቻ ነው የርስት?»

«የሮክ ነው።»

«የሮክ ጉዳይ አይቼ አላውቅም» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ግን ጠብ ጠብ ነው።»

እሑድ ዕለት ቫኔ ውስጥ ገባን። ሜሮንን ‹አሌክሳንድሪያ ዕቃ ላደርስ ነው፣ ሳጥን ያዢልኝ› ብዬ አታለልኳት፤ ኬቨንን ደግሞ ‹ጎመን አለ› ብዬ። ሁለተኛው እውነት ነበር። ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ጋሽ ሙሉጌታ ከኋላ ሆነው ነዱልኝ፦ «ግራ ያዝ! አሁን ቀኝ! ድልድዩ ይዘጋጋል ብዬህ ነበር!» ድልድዩ ተዘጋጋ። ቢከፈት ኖሮ ይከፋቸው ነበር።

የቢኒያም እናት እትዬ አልጋነሽ መምጣታችንን ቀድመው ያውቃሉ፤ ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበርና ዶሮ ሠርተው ጠበቁን። ቀን ሆቴል ማታ ኤርፖርት የሚሠሩ፣ ሲናገሩም የሚቸኩሉ ሴት ናቸው። ቢኒያም ሜሮንን በር ላይ ሲያያት ወደ ጓዳ ሊገባ ሲል ሁለቱ ሽማግሌዎች መግቢያው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እርቁን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ኧረ ግቡ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል!» አሉ እትዬ አልጋነሽ።

«ይቀዝቅዝ!»

ሽታው መጣ። ጋሽ ሙሉጌታ አፍንጫቸውን ወደዚያ አዞሩና በለሆሳስ «ተፈራ፣ ተቀምጠን ብንቆምስ?» አሉ። እናም ተቀምጠው ቆሙ። ሜሮን በአንዱ ጥግ፣ ቢኒያም በሌላው፣ ሁለቱም ግድግዳ እያዩ።

ማዕዱ ቀረበ። እትዬ አልጋነሽ ትልቁን የዶሮ ብልት ለእንግዳው ለኬቨን አደረጉለት። ኬቨን በትሕትና እጁን ልቡ ላይ አድርጎ «ኖ ሜም፣ ታንክ ዩ» አለና ጎመኑን ወደ ራሱ ጎተተ።

ጋሽ ተፈራ የያዙት ጉርሻ አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ ልጅ ዛሬም ጾመኛ ነው?»

«ይመስላል» አልኩ።

«በሃምሳው? ጌታ በተነሣ በሃምሳው ቀን ውስጥ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም! ይህማ ትንሣኤን መካድ ነው!»

«ስለት ይኖርበት ይሆናል» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። «በሰው ፊት አታዋርደው።»

«ስለት ሥርዓት አያፈርስም! ምነው፣ ታክሲ ውስጥ ነው ሃይማኖት የተማርከው?»

«አንተስ የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ነው የጰጰስከው?»

እናንተዬ፣ ሁለቱ ለስንት ዘመን የታመቀ ነገር ነበራቸው! አንዱ የአንዱን ልጅ ምርቃት መቅረቱ ወጣ፣ ሌላው በታክሲው ጭኖት ሜትር ማብራቱ ወጣ። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ ጋሽ ሙሉጌታ «እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» ብለው ተነሡ። «እኔ በእግሬ!» አሉ ጋሽ ተፈራ፤ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ! እኔ ወደ አንዱ ስሮጥ ሌላው ያመልጣል። አስታራቂ ሊያስታርቅ መጥቶ ሲጣላ ማን ያስታርቃል? እርቁም ባንዱም ልጄም ከእጄ ሲወጡ ታየኝ።

በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ሁለት ሰው ቆመ። አንዱን በር ሜሮን፣ ያንኑ በር ቢኒያም ዘግተው፤ ትከሻ ለትከሻ።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ አትሂዱ! ኬቨን ጾመኛ አይደለም!» አለች ልጄ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱ...» ወደ ቢኒያም ዞረች። «ሃው ዱ ዩ ሴይ...?»

«እንስሳ ስለሚወድ ነው፣ ጋሼ» አለ ቢኒያም።

ጋሽ ተፈራ ደነገጡ። «እኔም በግ እወዳለሁ! ስለምወደው እኮ ነው የምበላው!»

ሜሮን ሳቋ አመለጣት። ቢኒያም እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ፣ አልቻለም። «ማለት፣ ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ...» ሲል እሷ «ጾም ነው፣ ግን ያለ እግዜር...» ስትል «ኖ፣ እንደሱ አትበያቸው!» ሲል፣ ተደጋግፈው ከበሩ ሥር ቁጭ አሉ።

«ዋት ዲድ ዩ ቴል ዜም?» አለ ኬቨን ጎመኑን እየጎረሰ።

«ዛት ዩ ዌር ኤ መንክ» አለው ቢኒያም። «ዩ ጀስት ሎስት ዘ ጃብ።» ከምንኩስናህ ተሻርክ ማለቱ ነው።

ጋሽ ሙሉጌታ መጀመሪያ ሳቁ፤ ጋሽ ተፈራ የዳኛ ፊታቸውን ትንሽ ታገሉበት፣ ከዚያ ለቀቁት። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እትዬ አልጋነሽ ወጡን ሊያሞቁ እየተነሡ «እንዲያው እርቁ ለማን ነበር?» አሉ።

ቢኒያም መሬቱን እያየ ተናገረ።

«እኔ... እማዬ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። ኩባንያው ቢወስደን አንዱን ትተዋለች ብዬ ነው።»

«ልተው ያለህ ማን ነው?» አሉ እናቱ። «አንዱን ብተው ያን ሁሉ ሰዓት ከማን ጋር ልጨቃጨቅ? ይልቅ እውነቱን ተናገር።»

«እውነቱማ...» አንገቱን አከከ። «ሰው እንዲሰማን ነው የምፈልገው። ከዲሲ ውጪ። እነሱ መኪና አላቸው፣ ሱቅ አላቸው። እኛ ምን አለን?»

«የኛ ሆኖ ይቅር ነው የምለው!» አለች ሜሮን። «ካሴቱን ከሠራው ሰውና ከሚሰማው ሰው መሃል ማንም አይግባ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መርካቶ ሳለሁ ከበርበሬ አምራቹና ከኔ መሃል ቆሞ ሁለታችንንም የሚግጠን ደላላ ነበር፤ እሱን ለመዝለል በሌሊት ተነሥቼ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሁሉ ሄጃለሁ።

«ደላላ አንፈልግም ነው የምትይው?» አልኳት።

«የስ!»

«ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም?»

«ነገርኩህ እኮ!»

«በእንግሊዝኛ ነው የነገርሽኝ።» ወደ ቢኒያም ዞርኩ። «መኪና ነው ያልከው? ሽሮዬ ባልቲሞር ይሄዳል፣ ፊላደልፊያ ይሄዳል፣ ኒውዮርክ ይሄዳል። ሽሮ የደረሰበት ካሴት የማይደርስበት ምክንያት ምንድን ነው?»

ቢኒያም ሜሮንን አያት። ሜሮን ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ እጁን ዘረጋላት፣ መታችለት። ጋሽ ተፈራ «በሉ ጉልበት ሳሙ» ሲሉ ሦስቱም የእትዬ አልጋነሽን ጉልበት ሳሙ፤ ኬቨን የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር።

እዚህ ላይ ብተወው አዋቂ እባል ነበር። ግን ነጋዴ ነኝ።

ካሴቱን አምስት ፓውንድ ሽሮ ለገዛ በምርቃት አደልኩ። ፊላደልፊያ ያለች ደንበኛዬ ደወለች። «የላክህልኝ ካሴት በሽተኛ ነው» አለች። «ክርስትና ላይ ከፈትነው፣ ሰውዬው ጮኸ፣ ሕፃኑ ጮኸ፣ ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ።» ይቅርታ ልጠይቅ ስል «ጎረምሳው ልጄ ግን ሌላ ይላክልኝ ብሏል፣ ጓደኞቹም» አለች። እንዲያ ነው የተስፋፋው፤ እናቶች ሽሮ ሊገዙ ይገባሉ፣ ልጆቻቸው ከኋላ ገብተው ካሴቱን ያነሣሉ። ፈረንጅ ልጆችም ሰሙና ወደ ሐበሻ ሱቆች ይመጡ ጀመር፤ ሽሮም ለመዱ።

ሲሳካ አበድኩ። ካሴቱ ሽፋን ላይ የሱቄን ሥዕል አስገባሁ። ቢኒያምን ‹መሃል ላይ አንድ የሠርግ ዘፈን ጣል ብታደርግ› አልኩት። ኬቨንን ጸጉርህን ብታሳድግ አልኩት። የሚደውልላቸውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ እኔን ያነጋግር አልኩ፤ ቢፐርም ገዛሁ። ሜሮን እንደ ድሮዋ ሁሉን ነገር ትደበድባለች፣ እኔን ግን ዝም ብላ ታየኛለች። ዝምታዋን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

የዩ ስትሪቱ እሑድ ደረሰ። የአዳራሹ በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዕዘን ታጥፏል። ነጋዴ ይህን ያህል ሰልፍ አይቶ እንዴት ዝም ይላል? ባለአዳራሹን ጥግ ይዤ የመግቢያውን ዋጋ እናንሣ፣ ሰው ሞልቷል፣ ዛሬ ያልጨመርን መቼ ልንጨምር ነው እያልኩ ወጠርኩት። ሰውዬው ግን ዋጋውን የቆረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፣ ማንም ጎረምሳ ከኪሱ መግባት እንዲችል ብለው ነው ይለኛል። «ልጆቹ ምን ያውቃሉ፣ ከኔ ጋር ተነጋገር!» እለዋለሁ። ድምፄ ሳይሰማ አልቀረም፤ ሰልፈኛው ፊቱን ወደኛ አዞረ።

ሜሮን ወጣች። ሁለቱን ዱላ በአንድ እጇ ይዛለች። አልጮኸችም። በእንግሊዝኛም አልተናገረችም፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጠች፣ እንዳይጠፋኝ ብላ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ነገረችኝ።

«አባዬ፣ አሁን መሃላችን የገባኸው አንተ ነህ። ውጣልን።»

«እኔ? እኔ እኮ አባትሽ ነኝ!»

«አባቴ ነህ። ደላላም ሆነሃል። አንዱን ምረጥ።»

ዞራ ገባች። ባለአዳራሹ ጣሪያ ያያል። ሰልፉ ያየኛል። ጋሽ ተፈራና ጋሽ ሙሉጌታ ሰልፉ ውስጥ፣ በከረባት፣ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው ቆመዋል፤ ጥጡ እያለም ሰምተዋል መሰለኝ ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ፍርዱ ጸድቋል ማለት ነው።

ቫኔ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። መቀመጥ አቃተኝ። ወጣሁ፣ ቫኑን ዞርኩት፣ ጎማውን ረገጥኩ፣ ምንም አልሆነም፤ ደግሜ ረገጥኩት። ቢፐሬ ጮኸ፤ ማን እንደሆነ ሳላይ አጠፋሁት። ልሂድ ብል እግሬ አልሄድ አለ፣ ልግባ ብል በጀርባ በር የሚያስገባኝ ሥልጣን አሁን የለኝም። የመጨረሻው አማራጭ ሰልፍ ሆነ። ማዕዘኑን ዞሬ ከሁሉም ኋላ፣ ጫማው በፕላስተር ከታሰረ ልጅ ጀርባ ቆምኩ።

በር ላይ ያለችው ልጅ ዋጋውን ነገረችኝ። አፌ ራሱ ተከፈተ። ከተወለድኩ ያልተከራከርኩበት ዋጋ የለም፤ ሜሮን የተወለደችበትን የሆስፒታል አልጋ እንኳ ተከራክሬ ነው ያስቀነስኩት። ለመናገር ትንፋሽ ስስብ ውስጥ ልጄ ጀመረች፤ ግድግዳውም፣ በሩም፣ የልጅቷ የሳንቲም ጣሳም አብሮ ጀመረ።

የተባልኩትን ከፍዬ ገባሁ።